ጸሐፌ ተውኔት ሮበርት ሴድሪክ ሼሪፍ

ስለ ጦርነት የተጻፉ ተውኔቶች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም የሚበዙት ጀግናውን ከጠላቱ ጋር አፋጥጠው፣ አስፎክረውና አሸልለው የሚያሳዩ ናቸው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሴድሪክ ሼሪፍ የጻፈው «የጉዞ ፍጻሜ» የተባለው ተውኔት ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። በመድረኩ ላይ ከአንድ ለጋ ምርኮኛ በስተቀር ጠላት አይታይም፤ ፉከራም አይሰማም። ተመልካቹ የሚያየው ሻማ የበራበት አንድ የምድር ውስጥ ዋሻ፣ አንድ ሻካራ ጠረጴዛ፣ ጥቂት አልጋዎችና በዚያ ተቀምጠው የጥቃቱን ቀን የሚጠብቁ የጦር መኰንኖችን ነው። ይህን ተውኔት የጻፈው ሰው በዚያን ጊዜ በሙያው ደራሲ አልነበረም። ጸሐፊ ነበር ቢባልም ጸሐፊነቱ የቢሮ ነበር፤ ይኸውም በአንድ የመድን ኩባንያ ውስጥ የካሣ ጥያቄዎችን እየመረመረ በደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ ነበር። በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ሊል ይገባል።

ሼሪፍ ጁን 6 ቀን 1896 ዓ.ም. ከሎንዶን በስተደቡብ ምዕራብ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሃምፕተን ዊክ ተወለደ። አባቱ «ሰን» በተባለው የመድን ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። ቤተሰቡ ድኻ የሚባል አልነበረም፤ ሀብታምም አልነበረም። ልጁ ከወንዙ ማዶ በሚገኘው በኪንግስተን ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። በትምህርት ቤቱ ሳለ ክሪኬት የተባለውን የእንግሊዞች ጨዋታና የጀልባ ቀዘፋን እጅግ ይወድ ነበር፤ ይህም ፍቅር እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልተለየውም። ትምህርቱን እንደ ጨረሰ የአባቱን ፈለግ ተከትሎ በዚያው በሰን ኩባንያ በጸሐፊነት ተቀጠረ።

ብዙም ሳይቆይ፣ በኦገስት ወር 1914 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። የ18 ዓመቱ ሼሪፍ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቹ ወደ ጦር ሠራዊቱ ሄዶ መኰንን ለመሆን አመለከተ። የተቀበለው የጦር ሹም በመጀመሪያ የጠየቀው ስለ ጤንነቱ ወይም ስለ ችሎታው ሳይሆን የተማረበትን ትምህርት ቤት ስም ነበር። ሹሙ የትምህርት ቤቶች ስም የተዘረዘረበት ወረቀት ነበረው። በዚያም ወረቀት ላይ የሰፈሩት ባለጸጎችና መሳፍንት በከፍተኛ ክፍያ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩባቸው የታወቁ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የኪንግስተን ትምህርት ቤት ምንም እንኳ በዕድሜው ጥንታዊ ቢሆን በዝርዝሩ ውስጥ አልተገኘም። ስለዚህ ወጣቱ ተመለሰ። ይህን ነገር ሼሪፍ ሸምግሎም አልረሳውም፤ በ1968 ዓ.ም. በጻፈው ጽሑፍ አስታውሶታል።

ይሁን እንጂ ጦርነቱ እንደ ታሰበው በጥቂት ወራት አላለቀም። የታወቁት ትምህርት ቤቶች ያፈሯቸው ወጣት መኰንኖች በየግንባሩ ረገፉ። ቦታቸውን የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ዝርዝሩም ተረሳ። ሼሪፍ በ1915 ዓ.ም. መገባደጃ በተራ ወታደርነት ተመዘገበ፤ ሥልጠናውንም ከጨረሰ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ በምሥራቅ ሰሪ ሬጅመንት በዘጠነኛው ሻለቃ ውስጥ ተመደበና ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። የከለከለችውን በር የከፈተችለት ሞት ነበረች ማለት ይቻላል።

በፈረንሳይና በቤልጅግ ምድር የተደረገው ውጊያ ምን ይመስል እንደ ነበር ካልታወቀ የሼሪፍን ሥራ መረዳት አይቻልም። ሁለቱ ወገኖች ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ እስከ ስዊስ ድንበር ድረስ ረዣዥም ምሽጎችን ቆፍረው በመካከላቸው ጥቂት መቶ ሜትር ባዶ መሬት ትተው ይጠባበቁ ነበር። ወታደሩ የሚኖረው በጭቃ፣ በአይጥና በቅማል መካከል ነው። ከውጊያው ይልቅ የሚበዛው መጠበቅ ነበር። መድፍ መቼ እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም። ሼሪፍ በቪሚ ኮረብታ አካባቢና በሌሎችም ግንባሮች ይህን ኑሮ ለወራት ኖረ። ወደ እናቱና ወደ አባቱ ዘወትር ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በደብዳቤዎቹም ስለ ምግቡ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ አየሩ፣ አንዳንድ ጊዜም ነርቮቹ ስለ መታወካቸው ይተርክ ነበር። ወላጆቹም ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አስቀመጡለት።

በኦገስት ወር 1917 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር ፓሽንዴል በተባለው ታላቅ ውጊያ ላይ በአጠገቡ በወደቀ የመድፍ ጥይት ቈሰለ። ወደ እንግሊዝ አገር ተመልሶ ታከመ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ግንባር አልተመለሰም። ማርች 21 ቀን 1918 ዓ.ም. ጀርመኖች በሳን ካንታን አካባቢ በእንግሊዞች ላይ ታላቅ ጥቃት ሲከፍቱ የሼሪፍ የቀድሞ ሻለቃ በዚያው ግንባር ነበር። በእነዚያ የማርች ቀናት ሻለቃው እጅግ ብዙ ሰው አጣ። ሼሪፍ ግን በእንግሊዝ አገር በሰላም ይኖር ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ተውኔት ለመጻፍ ሲነሣ የመረጠው ቦታ ሳን ካንታን፣ የመረጠውም ጊዜ እነዚያው የማርች ቀናት መሆናቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

ጦርነቱ እንዳበቃ ሼሪፍ በሻምበልነት ማዕርግ ተሰናብቶ ወደ ቀድሞ ጠረጴዛው ተመለሰ። ለ10 ዓመታት ያህል ንብረታቸው የተጎዳባቸው ደንበኞች ያቀረቡትን የካሣ ጥያቄ እየመረመረ ኖረ። ማታ ማታ ከወላጆቹ ጋር ይቀመጣል፤ በዕረፍት ቀኑ ጀልባ ይቀዝፋል። የኪንግስተን ቀዛፊዎች ማኅበር አባል ነበርና ማኅበሩ ለጀልባ መግዣ ገንዘብ ሲያስፈልገው አባላቱ ትያትር እያሳዩ ያሰባስቡ ነበር። ሼሪፍ ተውኔት መጻፍ የጀመረው ለዚሁ ዓላማ ነው። ጥበቡን የተማረው በትምህርት ቤት አልነበረም። የሚጽፍላቸው ተዋንያን የሱቅና የቢሮ ሠራተኞች፣ ተመልካቾቹም ዘመዶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። እንዲህ ላሉ ተዋንያን የተራቀቀ ንግግር ቢጻፍላቸው በአፋቸው ላይ ይተሳሰርባቸዋል። ስለዚህ ሰዎች በየቤታቸው እንደሚነጋገሩት አድርጎ መጻፍን ለመደ።

«የጉዞ ፍጻሜ» ከእነዚህ የማኅበር ተውኔቶች በኋላ የመጣ ሥራ ነው። ሼሪፍ ሲጽፈው ወላጆቹ ያስቀመጡለትን ደብዳቤዎች እያነበበ ያን ጊዜ በዐይነ ኅሊናው ይመለከት ነበር። ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ግን ለሎንዶን የትያትር ቤት አስተዳዳሪዎች ሲያቀርበው የሚቀበለው አጣ። አንዳንዶቹ ሕዝቡ ስለ ጦርነት መስማት ሰልችቶታል አሉ። ሌሎቹን ያሳሰባቸው ደግሞ በተውኔቱ ውስጥ አንዲት ሴት እንኳ አለመኖሯ ነበር። ፍቅርና ቆንጆ ተዋናይት የሌለበትን ትያትር ማን ከፍሎ ያያል የሚል ሥጋት ነበራቸው። ሼሪፍ ግን በምሽግ ውስጥ ሴት አላየምና ሴት አላስገባም።

በመጨረሻ ነገሩን የተቀበለው ለገበያ የማይመቹ ተውኔቶችን እየመረጠ ለአባላቱ የሚያሳይ አንድ የትያትር ማኅበር ነበር። ታላቁ ጸሐፌ ተውኔት ጆርጅ በርናርድ ሾውም ጽሑፉን አንብቦ፣ ስለ ጦርነት የተነዛውን የተዋበ ሥዕል ለማረም ይጠቅማል የሚል አሳብ ነበረው። ሆኖም ተውኔቱን የሚያዘጋጅ ሰው መፈለግ ሌላ ችግር ሆነ። ኀላፊነቱን የተቀበለው በዚያን ጊዜ እምብዛም የማይታወቀው ጄምስ ዌል ነበር። ዌል ራሱ በዚያው ጦርነት በመኰንንነት ተዋግቶ በጀርመኖች እጅ የተማረከ ሰው ነበርና ዋሻው ምን መምሰል እንዳለበት የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም። የመድረኩን አሠራር ራሱ ነደፈ። ዋናውን ሰው፣ ሻምበል ስታንሆፕን ሆኖ የሠራው ደግሞ ሎረንስ ኦሊቪዬ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ኦሊቪዬ ኋላ በዘመኑ ከነበሩት የእንግሊዝ ተዋንያን ሁሉ ስመ ጥሩ ለመሆን የበቃ ሰው ነው።

ተውኔቱ በዲሴምበር 1928 ዓ.ም. በአፖሎ ትያትር ቤት ሁለት ጊዜ ብቻ ታየ። ሐያስያን በጋዜጣ አመሰገኑት፤ ነገር ግን ሐያስያን ያመሰገኑትን ነገር ነጋዴዎች ወዲያው ይገዙታል ማለት አይደለም። በኋላ ሞሪስ ብራውን የተባለ ሰው ተነሥቶ ከወዳጆቹ ባገኘው ገንዘብ ተውኔቱን ለማሳየት ቈረጠ። የሚያስገርመው ብራውን ጦርነትን በጽኑ የሚቃወም ሰው መሆኑ ነው። ኦሊቪዬ የተሻለ የመሰለውን ሌላ ሥራ መርጦ ስለ ሄደ ኮሊን ክላይቭ የተባለ ተዋናይ ተተካ። ኦሊቪዬ መርጦ የሄደበት ትያትር በጥቂት ሳምንታት ተዘጋ። «የጉዞ ፍጻሜ» ግን ጃንዋሪ 21 ቀን 1929 ዓ.ም. በሳቮይ ትያትር ቤት ተከፍቶ ወደ 600 ለሚጠጋ ጊዜ ታየ። በዚያው ዓመት በማርች ወር በኒው ዮርክ መታየት ጀመረ፤ ብዙ ሳይቆይም በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተተርጕሞ በብዙ አገሮች ተዛመተ። የመድን ኩባንያው ጸሐፊ በ32 ዓመቱ ስሙ በዓለም የታወቀ ሰው ሆነ።

የተውኔቱ ታሪክ የሚፈጸመው ከማርች 18 እስከ ማርች 21 ቀን 1918 ዓ.ም. ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ሦስት ገቢሮች አሉት፤ ቦታው ግን ከዚያች ዋሻ አይወጣም። ሻምበል ስታንሆፕ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነው፤ ሆኖም ሦስት ዓመት በግንባር አሳልፎአል። ወታደሮቹ ይወዱታል፤ ያከብሩታል። እሱ ግን ያለ ዊስኪ ወደ ምሽጉ የሚወጣበት አቅም አጥቶአል። የእሱ ምክትል የሆነው ኦዝቦርን በሰላም ጊዜ መምህር የነበረ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። ሁሉም አጎቴ ይሉታል። ትሮተር የተባለው መኰንን ሆዱን የሚወድ ተጫዋች ሰው ሲሆን፣ ሂበርት ደግሞ ሕመምተኛ ነኝ እያለ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚፈልግ ነው። ወደዚህች ዋሻ ከትምህርት ቤት የወጣ የ18 ዓመት ልጅ ይመጣል። ስሙ ራሌይ ይባላል። ስታንሆፕን በትምህርት ቤት ሳለ እንደ ጀግና ያየው ነበር፤ ስታንሆፕም የራሌይን እኅት ይወዳታል።

ስታንሆፕ ልጁን ባየው ጊዜ የሚሰማው ደስታ ሳይሆን ድንጋጤ ነው። ልጁ መጠጡንና የተሰበረ መንፈሱን አይቶ ለእኅቱ እንዳይጽፍ ይፈራል። ራሌይ ደብዳቤ ሲጽፍ ባየ ጊዜ አለቅነቱን ተጠቅሞ ከእጁ ይነጥቀዋል። ደብዳቤውን ለማንበብ ግን ድፍረት አጥቶ ኦዝቦርን እንዲያነብለት ያደርጋል። በደብዳቤው ውስጥ የተገኘው ስታንሆፕን የሚያመሰግን፣ የእሱ ጓደኛ በመሆኑ የሚኮራ የልጅ ቃል ነበር። በዚያ ትዕይንት ማንም አይሞትም፤ ቢሆንም ከተውኔቱ ሁሉ እጅግ ከባዱ ስፍራ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሂበርትም አንድ ቀን ሕመሜ ጸናብኝና ወደ ሐኪም ልሂድ ብሎ ሲነሣ ስታንሆፕ ሽጉጥ መዞ ይከለክለዋል። ሂበርት ዐይኑን ጨፍኖ ሞቱን ይጠባበቃል እንጂ አይመለስም። ያን ጊዜ ስታንሆፕ ሽጉጡን መልሶ እሱ ራሱም እንዲሁ እንደሚፈራ ይነግረዋል። አለቃ ለበታቹ ፍርሀቱን ሲገልጥ በእንግሊዝ መድረክ ላይ ብዙ የተለመደ ነገር አልነበረም። ሼሪፍ ይህን ሊጽፍ የቻለው ፍርሀትን ከውጭ ሆኖ ስላላየው ነው።

ከዚህ በኋላ ከበላይ ትእዛዝ ይመጣል። ጥቂት ሰዎች በቀን ብርሃን ወደ ጠላት ምሽግ ሮጠው አንድ ጀርመናዊ ማርከው እንዲያመጡ ይታዘዛል። ኦዝቦርንና ራሌይ ይመደባሉ። ኦዝቦርን ከመሄዱ በፊት ሰዓቱንና የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ በጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ምርኮኛው ይገኛል፤ ኦዝቦርን ግን አይመለስም። ቀለበቱ በጠረጴዛው ላይ እንዳለ ይቀራል። ያን ዕለት ማታ መኰንኖቹ ዶሮና ሻምፓኝ ቀርቦላቸው ሲበሉና ሲሥቁ ራሌይ ከእነሱ ጋር መብላት እምቢ ይላል። ስታንሆፕም የሚጠጣው ሊረሳ መሆኑ ለልጁ ስላልገባው በብርቱ ይቈጣዋል። በማግሥቱ ሲነጋ ጥቃቱ ይጀመራል። ራሌይ ጀርባውን ተመትቶ ወደ ዋሻው ይገባል፤ በኦዝቦርን አልጋ ላይ ተኝቶ ብርሃን እንዲቀርብለት ይለምናል። ስታንሆፕ ሻማ አምጥቶ በአጠገቡ ሳለ ልጁ ይሞታል። ስታንሆፕ ወደ ምሽጉ ይወጣል፤ ዋሻውም በመድፍ ተመትቶ ይደረመሳል። መጋረጃው የሚዘጋው በጨለማ ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር ተውኔቱ ከዳር እስከ ዳር ለቅሶ የሚሞላው ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። ሰዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት ስለ ምግብ ነው። ለሾርባው ቁንዶ በርበሬ በመታጣቱ ይነታረካሉ። አናናስ ነው የተባለው ቆርቆሮ ሲከፈት አፕሪኮት የተባለ ሌላ ፍራፍሬ በመገኘቱ ምግብ አብሳዩ ይቅርታ ይጠይቃል። ትሮተር የቀሩትን ስድስት ቀናት በሰዓት ቆጥሮ 144 ክቦችን በወረቀት ላይ ይሥላል፤ አንድ ሰዓት ባለፈ ቁጥር አንዱን ክብ ያጠቁራል። ሞት በአፋፍ ቆሞ ሳለ ሰው ስለ ቁንዶ በርበሬ ይጨነቃልን? ይጨነቃል። ይህን የሚያውቅ በዚያ የኖረ ሰው ብቻ ነው፤ በቤቱ ተቀምጦ በምናቡ የሚጽፍ ደራሲ ግን ቁንዶ በርበሬውን ረስቶ ወደ ፉከራው በሮጠ ነበር።

ተውኔቱ ክርክር አላጣም። ጦርነትን የሚጠሉ ሰዎች ጦርነትን ለማውገዝ የተጻፈ ነው ብለው ተቀበሉት። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው የመኰንኖችን ጽናት አስውቦ ያሳያል፤ ስለ ተራው ወታደር ግን የሚናገረው ጥቂት ነው ሲሉ ነቀፉት። ሼሪፍ ራሱ ስብከት የመጻፍ አሳብ አልነበረውም፤ የሚያውቃቸውን ሰዎች እንዳወቃቸው ማሳየት ብቻ ይፈልግ እንደ ነበር ደጋግሞ አስረድቶአል። በነቀፋው ውስጥ እውነት የለም አይባልም። የዋሻው አገልጋይ የሆነው ሜሰን ሾርባ እያቀረበ ሲመላለስ ይታያል እንጂ ስለ ራሱ ሕይወት ብዙ አይነግረንም። ይሁን እንጂ ተውኔቱን የሠሩት ወታደሮች ራሳቸው መሆናቸውን መርሳት አይገባም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሲንጋፖር በጃፓኖች እጅ የወደቁ የእንግሊዝ ምርኮኞች በእስር ቤታቸው ውስጥ ይህንኑ ተውኔት አዘጋጅተው ተጫውተውታል።

ከዚህ ሁሉ ዝና በኋላ ሼሪፍ የገጠመው ነገር ውድቀት ነበር። በ1930 ዓ.ም. ስለ አንድ መንደር የክሪኬት ሜዳ የጻፈው ሁለተኛ ትልቅ ተውኔት ብዙ ሳይቆይ ከመድረክ ወረደ። የመድን ሥራውን ለቅቆአል፤ ደራሲነቱም አስተማማኝ አልመሰለውም። ስለዚህ በ35 ዓመቱ፣ በ1931 ዓ.ም.፣ ታሪክ አጥንቶ መምህር ለመሆን አስቦ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ገባ። ስሙ በዓለም የታወቀ ሰው ከልጆች ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መማሩን እንደ ውርደት አልቈጠረውም። በዚያው ዓመት በባሕር ዳር ዕረፍቱን ስለሚያሳልፍ አንድ ተራ ቤተሰብ የጻፈው ልብ ወለድ ታትሞ በብዙ ሰው ተወደደለት።

መምህር ከመሆን የመለሰው የድሮ ጓደኛው ጄምስ ዌል ነበር። ዌል በዚህ ጊዜ ወደ አሜሪካ ሄዶ በሆሊውድ የታወቀ የፊልም አዘጋጅ ሆኖ ነበርና ሼሪፍን አስጠራው። ሼሪፍም እናቱን ይዞ ተሻገረ። መጀመሪያ ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ የኤች. ጂ. ዌልስን «የማይታየው ሰው» የተሰኘ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ድርሰት መለወጥ ነበር። ከእሱ በፊት ብዙ ጸሐፊዎች ሞክረውት ታሪኩን ከመነሻው አርቀውት ነበር። ሼሪፍ ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ወደ መጽሐፉ ተመልሶ ዌልስ የጻፈውን ታሪክ ተከተለ። ፊልሙ በ1933 ዓ.ም. ወጥቶ እጅግ ተሳካ። ከዚያም ወዲህ ኦክስፎርድን ሳይጨርስ ቀረ፤ ለ20 ዓመታት ያህልም በእንግሊዝና በአሜሪካ ከታወቁት የፊልም ድርሰት ጸሐፊዎች አንዱ ሆነ። መምህር የመሆን ምኞቱ በሌላ መንገድ ተፈጸመ ማለት ይቻላል፤ በ1939 ዓ.ም. ስለ አንድ አረጋዊ የትምህርት ቤት መምህር የሚናገረውን «ደኅና ይሁኑ፣ ሚስተር ቺፕስ» የተባለውን ፊልም ከሁለት ሰዎች ጋር ጽፎ ለኦስካር ሽልማት ታጨ።

በዚያው ዓመት የወጣው «አራቱ ላባዎች» የተባለው ፊልም የምሥራቅ አፍሪካን ታሪክ የሚነካ ስለሆነ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ታሪኩ እንግሊዞች በ1898 ዓ.ም. በኦምዱርማን ሱዳኖችን ድል ስላደረጉበት ዘመቻ ሲሆን ከትዕይንቶቹ ብዙዎቹ በዚያው በሱዳን ምድር ተነሥተዋል። አንድ መኰንን ጓዶቹ ሲዘምቱ ሥራውን ይለቅቃል፤ በእንግሊዞች ዘንድ ነጭ ላባ የፈሪ ምልክት ነውና ላባ ይሰጡታል። ሼሪፍን በዚህ ታሪክ የሳበው ያው የቆየው የፍርሀት ነገር ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም ፊልሙ ሱዳንን የሚያየው በእንግሊዞች ዐይን ብቻ ነው፤ ለአገራቸው የሞቱት ሱዳኖች ከሩቅ እየጮሁ የሚመጡ ብዙ ሕዝብ ከመሆን አያልፉም። በዋሻው ውስጥ የእያንዳንዱን ሰው ልብ የመረመረ ብዕር በዚህ ቦታ ከአንድ ወገን አልተሻገረም።

ከፊልሞቹ ሁሉ በእንግሊዝ አገር ስሙ የገነነው በ1955 ዓ.ም. የወጣው «ግድብ ሰባሪዎቹ» ነው። ይህ ፊልም በሜይ 1943 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሩር አካባቢ የሚገኙትን የውሃ ግድቦች ለማፍረስ የተደረገውን የአየር ዘመቻ ይተርካል። መሐንዲሱ ባርንስ ዋሊስ በውሃ ላይ እየነጠረ ሄዶ ግድቡን የሚመታ ቦምብ ፈለሰፈ። ከተላኩት 19 አውሮፕላኖች 8 አልተመለሱም፤ 53 የአውሮፕላን ሠራተኞች ሞቱ። ግድቡ ሲፈርስ በጎረፈው ውሃ ከ1,000 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ጀርመኖች በግድ ለሥራ ያመጡአቸው የሌላ አገር ሰዎች ነበሩ። ፊልሙ ስለ እነዚህ ሙታን ብዙ አይናገርም። ነገር ግን በድሉ ላይ ጨፍሮ አያበቃም። አውሮፕላኖቹ ከተመለሱ በኋላ ተመልካቹ የሚያየው ባለቤት የሌላቸውን የምግብ ሳህኖችና ባዶ የቀሩትን መኝታዎች ነው። የጦሩ አዛዥ ሲነጋ ለመተኛት አይሄድም፤ ለሟቾቹ ቤተሰቦች ደብዳቤ ሊጽፍ ብቻውን ይራመዳል። «የጉዞ ፍጻሜ»ን ያነበበ ሰው በዚያ ባዶ ሳህን ውስጥ የኦዝቦርንን ቀለበት ያያል።

ሼሪፍ የመድረክ ሥራውንም አልተወም ነበር። ናፖሊዮን በስደት ሳለ ስላሳለፈው ኑሮ ጽፎአል፤ ሮማውያን ብሪታንያን ለቅቀው ስለ ሄዱበት ዘመንም ጽፎአል። በ1950 ዓ.ም. የታየለት አንድ ተውኔት ርእሱ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር «ማታ በአንድ ሰዓት» ማለት ነው። በዚህ ተውኔት አንድ የባንክ ጸሐፊ እንደ ልማዱ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ያላስታወሰው አንድ ሙሉ ቀን እንዳለፈ ይነገረዋል። ያን ቀን የት እንደ ዋለ አያውቅም፤ ሰው ተገድሎአልና እሱ ራሱ ገዳዩ እንዳይሆን ይፈራል። የቢሮ ጸሐፊ ሕይወት ለተውኔት አይበቃም የሚል ሰው ቢኖር ይህን ማንበብ ይገባዋል። ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ ግን የእንግሊዝን መድረክ የያዙት ቍጡ ወጣት ደራስያን ነበሩ፤ የሼሪፍ ዐይነት ለዘብ ያለ አጻጻፍ ያለፈበት ተብሎ ተተወ። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ ሥራ ወደ መድረክ ማቅረቡን አቆመ።

ሼሪፍ ሚስት አላገባም። ኤሸር በምትባለው ከተማ በገዛው ቤት ከእናቱ ጋር ብዙ ዘመን ኖረ። በ1968 ዓ.ም. የሕይወቱን ታሪክ ጽፎ ሲያሳትም መጽሐፉን «መሪ ተዋናይት የለችም» ብሎ ሰየመው፤ ይህም አስተዳዳሪዎቹ በተውኔቱ ላይ ያገኙት ጕድለት ነበር። ኖቬምበር 13 ቀን 1975 ዓ.ም. በ79 ዓመቱ ዐረፈ። «የጉዞ ፍጻሜ» ከሞተም በኋላ በመድረክ ላይ እየታየ ኖሮአል፤ በ2017 ዓ.ም. እንደ ገና ፊልም ሆኖ ተሠርቶአል። ተውኔቱ በታየ ቁጥር ከሚገኘው ገንዘብ ለሁለት ወገኖች ድርሻ እንዲሆን ሼሪፍ ተናዝዞ ነበር። አንዱ የስካውቶች ማኅበር ነው። ሁለተኛው በ1914 ዓ.ም. በጦር ሹሙ ወረቀት ላይ ስሙ ያልተገኘው የኪንግስተን ትምህርት ቤት ነው።